ድንበሩ ውስጥ የሚቀሩትስ?

ቡሬ ገበያ ከቲሊሊ ወገን ድንች በአህያ ጭና የመጣች እናት ከገዢዋ ጋር በአማርኛ ትከራከራለች፤ ዞር ብላ ልጇን በአዊኛ ታዛለች። ድንቿን ስትጨርስ በርበሬ ሸምታ ትመለሳለች። ቲሊሊ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ቡሬ በምዕራብ ጎጃም ሥር ናቸው። አዊዎች በአማራ ክልል ውስጥ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፤ ልጆቻቸውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፊደል ይቆጥራሉ። በዚህ ከእኛ ከአማሮች ላይ የጎደለ ነገር የለም። ራስን በራስ ማስተዳደር ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ይህ ነውና መብቱን ከልቤ እደግፋለሁ።

የሚያሳስበኝ ግን ይህ መብት እስከ መገንጠል ሲሄድ ሳይጻፍ የቀረው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ለመገንጠል አምስት ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ አብላጫው ይደግፋል፤ ሥልጣን ይተላለፋል፤ ንብረት ይከፋፈላል። ለንብረቱ እንኳ ታስቦለታል! እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያርስ፣ ግን የብሔሩ ተወላጅ ያልሆነ ሰው በአምስቱም ውስጥ የለም።

ከተማችን ፍኖተ ሰላም የእንዲህ ያለውን ሰው ዕጣ በዓይኗ አይታለች። በ2005 ዓ.ም. ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን የተባረሩ የአማራ ገበሬዎች ልጆቻቸውን ይዘው እዚህ ተጠልለው ነበር። መንግሥት ድርጊቱ ስሕተት መሆኑን አምኖ እንዲመለሱ አደረገ። መመለስ የተቻለው ግን ወሰኑ የክልል ወሰን ስለነበር ነው። ያ ወሰን የአገር ድንበር ቢሆን ኖሮ ማን ይመልሳቸው ነበር?

ኤርትራን እናስታውስ። በሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ከመቶ 99.8 የሚሆኑት ነጻነትን መረጡ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጥተዋል። በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲፈነዳ ያ ድምፅ ዜግነት እንደ መቀየር ተቆጥሮባቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተባረሩ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። ከወዲያ ማዶም ብዙ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ።

የኢራቅ ኩርዶችም መስከረም 15 ቀን 2010 ድምፅ ሲሰጡ ከመቶ 93 ያህሉ ነጻነትን ደገፉ። በሴቭር ውል ተስፋ ተሰጥቶት በሎዛን ውል የተነፈገ ሕዝብ ነውና ጥማቱ ይገባኛል። ነገር ግን ዐረቦችና ቱርክመኖች አብረዋቸው የሚኖሩባትን ኪርኩክን ስለ ጎረቤቶቻቸው ዕጣ ሳይስማሙ በሕዝበ ውሳኔው አካተቷት። በሦስተኛው ሳምንት የባግዳድ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመሰደድ ተራው የኩርዶች ሆነ።

አንቀጽ 39 ይሰረዝ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ስድስተኛ ቅድመ ሁኔታ ይጨመርበት ነው የምለው፤ በዚያ ምድር የሚኖር ሁሉ ዜግነቱን የመምረጥ መብቱ፣ የእርሻ ይዞታውና ልጆቹ የሚማሩበት ቋንቋ ኮሮጆው ከመቀመጡ በፊት በሕግ ይረጋገጥ። ለካማሺው ገበሬ የምንጠይቀውን ዋስትና በእኛ ክልል ለሚኖረው ኦሮሞ፣ አገውና ጉሙዝም ሳንጠየቅ ልንሰጥ ይገባል።