ፈረንጅ የሚባል አገር የለም

በአዲስ አበባ ቡና ቤቶችና ታክሲዎች ውስጥ የዓለም ፖለቲካ በየቀኑ ችሎት ይቀርባል። ዳኞቹ ብዙ ናቸው፤ ተከሳሹ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፈረንጅ። «ፈረንጅ አይወደንም»፣ «ፈረንጅ ቀጠሮ ያከብራል»፣ «ፈረንጅ እናት አባቱን አይጦርም»፣ «ፈረንጅ ያለ ተንኮል አይመክርም»። ለመሆኑ ይህ ፈረንጅ የሚሉት ሰው ማን ነው? ፖርቱጋላዊ ነው ወይስ ኖርዌያዊ? ሚኒስትር ነው ወይስ የባቡር ሠራተኛ? ጠይቄ መልስ ያገኘሁበት ቀን የለም። የጋዜጣ ዐምደኞቻችንና የራዲዮ ተንታኞቻችንም ቢሆኑ «ምዕራባውያን» የሚል የክት ልብስ አልብሰው ያንኑ የቡና ቤቱን ፈረንጅ ነው የሚያመጡልን።

ቃሉ ፍራንክ ከተባለው የጥንት ነገድ ስም ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ነው። የአንድ ነገድ ስም የነበረውን ለግማሽ ዓለም አለበስነው። ስም መዋስ ነውር የለበትም። ነውሩ በተዋስነው ስም ማሰብ ማቆማችን ነው።

እስቲ 1928 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በመርዝ ጋዝ የፈጀን የሙሶሊኒ ጦር ፈረንጅ ነበር። ከአገራችን ሰፊ መሬት ተቆርሶ ለሙሶሊኒ እንዲሰጥ በምስጢር የተስማሙት የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫልም ፈረንጆች ነበሩ። ነገር ግን ምስጢሩ በጋዜጣ ሲወጣ የተቆጣውና ሆርን በቀናት ውስጥ ከሥልጣኑ ያስለቀቀው የእንግሊዝ ሕዝብስ ማን ነበር? ለእኛ ስትል ጋዜጣ አቋቁማ ለዓመታት የጮኸችው፣ በ1953 ዓ.ም. አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው ሲልቪያ ፓንክረስትስ? ሁሉንም በአንድ ቁና የሰፈረ ሰው ጠላቱን ከወዳጁ አይለይም። ወዳጁን የማይለይ ደግሞ ጠላቱ ሲመጣ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም።

በዚህ ብቻ አላበቃንም። የሩቅ ምሥራቅ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» ይላሉ፤ ትልልቁም አብሮ ይስቃል። ሰውየው ግን ኮርያዊ ሊሆን ይችላል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን በኮርያ ተራሮች ላይ የወደቁት ለደቡብ ኮርያ ሲሆን፣ ፊት ለፊታቸው ተሰልፎ ይተኩስባቸው የነበረው አንዱ ጦር የቻይና ነበር። እንግዲህ ወንድሞቻችን የሞቱለትን ሰው በገደላቸው ጦር አገር ስም እየጠራነው ነው።

«ቃል ነው፤ ልማድ ነው፤ ምን ጉዳት አለው?» የሚሉኝ አሉ። ጉዳቱን «ዐረብ አገር» ከሚለው አነጋገራችን ላሳያቸው። በየሰፈሩ «ልጄ ዐረብ አገር ናት» የምትል እናት አለች። ዐረብ አገር ግን የት ነው? ቤይሩት ነው፣ ዶሃ ነው ወይስ ሪያድ? በ1939 ዓ.ም. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። ቀጣር በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው ማሻሻያ የቤት ሠራተኛ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከአገር እንድትወጣና አሠሪ እንድትለውጥ ፈቅዳለች። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2013 ዓ.ም. ተመሳሳይ ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ወረቀት ላይ የሰፈረ መብት ሁሉ በሥራ እንደማይውል አውቃለሁ። ነገር ግን መብቷን ያላወቀች ልጅ በምን አፏ ትከራከራለች? ደላላው «ዐረብ አገር» ብሎ ሲናገር ሦስቱን አገሮች አንድ አድርጎ ይሸጥላታል። በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ከሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አሠሪዎቻቸው አውርደው የጣሏቸው እኅቶቻችን የዚህን ንግድ ዋጋ ከፍለዋል።

የሚገርመው፣ ይኸው ሚዛን በእኛ ላይ ሲዞር እሳት እንለብሳለን። ባሕር ማዶ አንድ ሰው «አፍሪካ ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል?» ብሎ ሲጠይቀን፣ ወይም ኢትዮጵያ ሲባል የ1977ቱን ረሃብ ብቻ ሲያነሣብን፣ «ድንቁርና!» እንላለን። ልክ ነን፤ ድንቁርና ነው። የእኛስ ታዲያ ምን ይባላል? የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኛ ግን የማናውቀውን አገር በአንድ አፍ እንናፍቀዋለን፣ እንሰድበዋለንም።

ሁሉም ሰው የዓለም ታሪክ ሊቅ ይሁን አልልም። «የትኛው?» የምትለዋን ጥያቄ እንልመድ ነው የምለው። «ፈረንጅ እንዲህ አደረገ» ሲሉን፣ የትኛው? መንግሥቱ ወይስ ሕዝቡ? ከሁሉ በፊት ግን ደላላው ደጃችን ቆሞ ገንዘብ ሲቀበል፣ የትኛው ዐረብ አገር? ልጃችን ቢከፋት በራሷ ፈቃድ መውጣት ትችላለች? ይህን ሳይጠይቅ በሬውን ሸጦ ልጁን የሚሸኝ ቤተሰብ፣ የት እንደላካት እንኳ ሳያውቅ ነው የሸኛት።