ከድሮኑ በፊት ምጣዱን!

በምረቃ ሰሞን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚያሳዩትን ሥራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ድሮን፣ ሮቦት፣ በስልክ የሚከፈት በር። ካሜራው ይቀርጻል፣ ባለሥልጣኑ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይወጣና አቧራ ይጠጣል። ሁለተኛውን የሚሠራ የለም። እኔ የምለው፣ የምርት ዲዛይንና አመራረት መግቢያ የሚባለው ኮርስ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጀመር። አትሳቁ!

"ጋዜጠኝነት ተምረሽ ምን አገባሽ?" የሚል አይጠፋም። እንጀራ ስለምጋግር ያገባኛል።

እስቲ ምጣዱን ገልብጡት። ሸክላው ከሥሩ እየተጠማዘዘ በቦይ ተቦርቡሯል፤ ቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ተዘርግቷል። ዙሪያው ላሜራ፣ ከላይ አክንባሎ። በቃ። ይህች ቀላል የምትመስል ዕቃ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ትበላለች፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን ከ300 በላይ ባንዴ ማብራት ማለት ነው። ሸክላ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ከሥር ሙቀቱን የሚያግድ ነገር በደንብ ካልተደረገ ደግሞ ከምንከፍለው ከፊሉ የሚያሞቀው ጠረጴዛውን ነው። ሽቦው እኩል ካልተወጠረ የተጠቀጠቀበት ያሳርራል፣ የሳሳበት ጥሬ ያወጣል። ያኔ የምትሰደበው ጋጋሪዋ ናት፤ "ሙያ የላትም" ትባላለች። ሙያ የጎደለው ምጣዱን የሠራው እንደሆነ ማን ጠይቆ ያውቃል?

"ሸክላውን በብረት እንቀይረዋ!" የሚል ተማሪ ይኖራል። ይሞክር። ሸክላ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ሊጥ ሲፈስበት ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ያን ጠባዩን ብረቱ ውስጥ ከየት ያመጣዋል? ሸክላውን ላሳሳው ካለ ቶሎ ይግልለታል፣ ግን ይሰነጠቃል። ዋጋው ከናረ የሚገዛ የለም። ሽቦው ሲበጠስ የሰፈር ጠጋኝ ካልቀየረው ዕቃው ሞተ። እንግዲህ ፍላጎት፣ ቁስ፣ አሠራር፣ ዋጋ፣ ጥገና፣ ኮርሱ የሚያስተምረው ሁሉ እዚህች ምጣድ ላይ አለ።

ፈረንጆቹ እንኳ ትንሽ ዕቃ አይንቁም። በብዙ አገር የሚማሩበት የኡልሪክና የኤፒንገር መጽሐፍ በቀደሙት እትሞቹ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ካቻቢቴን ከቦይንግ 777 ጋር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። የኛ ተማሪ ካቻቢቴውን ዘሎ ቦይንጉ ላይ መውጣት ያምረዋል።

"ወርክሾፕ የለንም" ይሉናል። እውነት ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የመጣው 70 በ30 ግቢውን በተማሪ ሲሞላው ማሽኑ እኩል አልተከተለም። ግን መርካቶ ምን አለሽ ተራ አለ አይደለም? እዚያ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። አንዷን ነገር ብቻ ላንሳ። 1 በ2 ሜትር ላሜራ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ክቦችን በቀጥታ መስመር ደርድሮ የሚቆርጥ ሰው 3 ያወጣል። ግራና ቀኝ እያፈራረቀ የደረደረ 4 ያወጣል። በዚያው ላሜራ፣ በዚያው ዋጋ! ኮምፒውተር ላይ አንድ ክብ ብቻ አሳምሮ የሚስል ተማሪ ይህ ጥያቄ እንዴት ይመጣለታል? ብረቱን በገዛ ገንዘቡ የሚገዛው ቀጥቃጭ ግን ሳያስበው አያድርም።

እዚያ የማንሄደው ግን መንገዱ ርቆ አይደለም፤ ንቀት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ዛሬ አፍ አውጥቶ የሚሳደብ ቢቀንስም ሸክላ ሠሪዋን ክፍል ጋብዞ "እስቲ አስተምሪን" የሚል መምህር አላየሁም።

ስለዚህ የኮርሱ ፈተና ወረቀት አይሁን። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ያማረ ናሙና ሳይሆን 10 አንድ ዓይነት ምጣዶች ይሥራ፤ ማምረት ማለት አሥረኛው እንደ መጀመሪያው ሲሆን ነዋ። የግቢው ካፌ ጋጋሪዎች ለአንድ ወር ይጋግሩባቸው፣ ቆጣሪውም ይነበብ። ማርኩን እነሱ ይስጡ።