የሃይብሪዷን ትርፍ ቸርኬ እንዳይበላው



ዘንድሮ ኢስሊ ውስጥ ዕቁብ የደረሰው ሰው ሁሉ ወሬው ሃይብሪድ መኪና ሆኗል። አኳ፣ አክሲዮ፣ ፊልደር፣ ፊት እያሉ ልጆቻችን ሳይቀሩ ስማቸውን በቃላቸው ይዘውታል። አይፈረድም። በየወሩ በ14ኛው ቀን የነዳጅ ዋጋ ሲታወጅ ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን ነው የምንሰማው። እኔም ሃይብሪድ ይገዛ ባይ ነኝ። የማልስማማው መኪናዋ ከሞምባሳ ወደብ ወጥታ ናይሮቢ በገባች በሳምንቷ በሚሆነው ነገር ነው። ሰፊ ቸርኬ ይገባላታል፣ ትልልቅ ስፒከር ይገጠምላታል፣ ወፍራም የወንበር ልብስ ትለብሳለች፣ መብራቷ ይቀየራል። ለነዳጅ ቁጠባ የተገዛች መኪና ቁጠባውን ሳትጀምር ወጪ ታወጣለች።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጠው። ለሃይብሪድ የሚጨመር ገንዘብ ወይ መኪናዋን የሚጠብቅ፣ ወይ ሥራችሁን የሚያቀል መሆን አለበት። ከዚያ ውጭ ያለው ከንግዳችሁ ላይ የሚነሳ ገንዘብ ነው።

በመጀመሪያ “አዲስ” የምንላት መኪና ምን ያህል አዲስ ናት? እኛ ሠፈር አዲስ ማለት የኬንያ ታርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለጥፍ ማለት ነው እንጂ ከፋብሪካ የወጣች ማለት አይደለም። የኬንያ ሕግ መጀመሪያ ከተመዘገበች 8 ዓመት ያለፋትን መኪና አያስገባም። ብዙዎቻችን ደግሞ ዋጋው ስለሚረክስ እዚያው ድንበሩ ላይ ያለችውን ነው የምንመርጠው። ስለዚህ የምትረከቧት መኪና ጃፓን ስድስት ሰባት ዓመት የሠራ ባትሪ ይዛ ነው የምትመጣው። ሰውነቷ ያብረቀርቃል፣ ውስጧ የአዲስ ዕቃ ሽታ ይሸታል፤ ባትሪዋ ግን ዕድሜውን ያውቃል።

ቀረጡንም አትርሱ። የኬንያ ጉምሩክ የሚያሰላው እናንተ በከፈላችሁበት ደረሰኝ ሳይሆን ራሱ በያዘው የመኪና ዋጋ ዝርዝር ላይ የዕድሜዋን ቅናሽ አንስቶ ነው። በዚያ ላይ የማስገቢያ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝና 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እየተደራረቡ ይመጣሉ። ሞተሯ ከ1500 ሲሲ የማይበልጥ ከሆነ የኤክሳይዙ መጠን ዝቅ ስለሚል ነው አኳና መሰሎቿ የተወደዱት። “ርካሽ አገኘሁ” የሚል ደላላ ሲመጣ ርካሹ የመኪናዋ ዋጋ ይሁን የጠቅላላው ወጪ ጠይቁት።

ሁለተኛው ጥያቄ ሃይብሪድ የምትቆጥበው የት ነው የሚለው ነው። የሃይብሪድ ትርፏ ፍሬን ላይ ነው። ሌላ መኪና ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ እሷ ግን የዚያን ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪዋ ትመልሰዋለች። መንገድ ሲዘጋጋ ሞተሯን አጥፍታ ትቆማለች፣ ስትነሳም በባትሪው ትነሳለች። ስለዚህ ጁጃ መንገድና ፓንጋኒ አካባቢ ባለው መጨናነቅ ነው የምትከፍላችሁ። ኢሲዮሎንና ማርሳቢትን አልፋችሁ ወደ ሞያሌ ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በአንድ ፍጥነት ስትነዱ ግን ፍሬን ብዙም አትይዙም፤ ልዩነቱም ይጠባል። በየሳምንቱ ዕቃ ጭኖ ሞያሌ ለሚመላለስ ሰው ሃይብሪድ ግዛ ብዬ አልመክርም። ዕቃውን በጭነት መኪና ልኮ ራሱ በአውቶቡስ ቢሄድ ይሻለዋል። ከሱቅ መጋዘን፣ ከመጋዘን ደንበኛ፣ ከደንበኛ ትምህርት ቤት ስትል ቀኗን ከተማ ውስጥ ለምታሳልፍ እናት ግን ከሃይብሪድ የተሻለ የለም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ኮሜርስ ስንማር ቋሚ ንብረት ስትገዙ የሚመልሰውን ጊዜ አስሉ ይሉን ነበር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሯቸው። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን 180 ሽልንግ ነው እንበል። ተራዋ መኪና በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በወር 125 ሊትር፣ ማለትም 22,500 ሽልንግ ትጠጣለች። ሃይብሪዷ በሊትር 20 ብትሄድ 75 ሊትር፣ ማለትም 13,500 ሽልንግ ይበቃታል። በወር 9,000 ተረፈ። ሃይብሪዷን ስትገዙ ከተራዋ 250,000 ሽልንግ አብልጣችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ያ ብር በ28 ወር ገደማ ይመለሳል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ማለት ነው። ጥሩ ንግድ ነው።

እዚህ ላይ ማስጌጡን ጨምሩበት። ለቸርኬ፣ ለጎማ፣ ለስፒከርና ለመብራት 200,000 ወጣ እንበል። ሰፊና ከባድ ጎማ ስለገባላት ደግሞ በሊትር 20 መሄዷ ቀርቶ 18 ሆነ። የወሩ ነዳጅ 15,000 ይሆናል፣ የሚተርፈው ወደ 7,500 ይወርዳል። 450,000ውን ለ7,500 ስታካፍሉት 60 ወር፣ ማለትም አምስት ዓመት ይመጣል። ሰባት ዓመቷ የገባችው መኪና በዚያን ጊዜ 12 ዓመት ይሞላታል፤ ባትሪዋም ቅያሪ የሚጠይቅበት ዕድሜ ነው። ትርፉ ሳይታይ ሌላ ወጪ ደጃፍ ላይ ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የማስጌጡ ጉዳት በብር ብቻ አያልቅም። አንዲት የማውቃት የጫማ ነጋዴ ለመኪናዋ ከኋላ ወንበር እስከ ወለሉ የሚደርስ ወፍራም የቆዳ ልብስ አሰፋች፤ ካርቶኖቿንም በየቀኑ እዚያው ወንበር ላይ ትደረድር ነበር። በጥር ሙቀት ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ፉንዲው ወንበሩን ሲያነሳው የባትሪው አየር ማስገቢያ በልብሱ ተሸፍኗል፣ ማጣሪያውም አቧራ ጠጥቶ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። ባትሪው አየር አጥቶ ነው የተቃጠለው። ለአዲሱ ባትሪ ስትል ለፋሲካ ያስመጣችውን ጫማ ከመግዣው በታች ሸጠችው። እንግዲህ ልብ በሉ። አኳን በመሰሉ ብዙ ሃይብሪዶች ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ የሚተነፍሰውም በወንበሩ ጎን ባለች ትንሽ ወንፊት ነው። ያችን ወንፊት የሚሸፍን ልብስም ሆነ ዕቃ ባትሪውን ያፍነዋል።

ስፒከሩም እንዲሁ ነው። ሃይብሪድ ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ መኪናዋን ይነዳል፤ ትንሿ ባለ 12 ቮልቷ ደግሞ ኮምፒውተሩን ታስነሳለች፣ መብራትና ቴፕ ታሠራለች። ከባድ አምፕሊፋየር በትንሿ ላይ ሲጫን ጠዋት መኪናዋ ጭራሽ አልነሳም ትላለች። ሰዉም ትልቁ ባትሪ ሞተ ብሎ ይደነግጣል፤ ደላላውም በድንጋጤው ይነግድበታል። ሽቦ የሚቀጥል ልጅ ስታመጡ ደግሞ ብርቱካናማውን ሽቦ እንዳይነካ አስጠንቅቁት። ብርቱካናማ ማለት ከፍተኛ ቮልት ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ትውልድ አኳ ባትሪዋ ብቻውን 144 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል።

ቸርኬውስ? ፋብሪካው 15 ኢንች የሰጣትን መኪና 17 ስታደርጓት ጎማው ይከብዳል፣ ለመነሳት ብዙ ጉልበት ትጠይቃለች። ጎማው ሲሳሳ ደግሞ የመንገዱ ጉድጓድ በቀጥታ ወገባችሁ ላይ ይመጣል። በጣሪያዋ ላይ ሳትጭኑበት ዓመቱን ሙሉ የምትሸከሙት ዕቃ መጫኛም ነፋስ እየያዘ ነዳጅ ይበላል። ቀለሟን ካስቀየራችሁ ሊብሬው፣ እዚህ ሎግ ቡክ የምንለው፣ ላይ ያለው ቀለምም መስተካከል አለበት። ለኢንሹራንስ ሳታሳውቁ የለወጣችሁት ነገር ደግሞ በአደጋ ቀን ክርክር ያመጣል።

ታዲያ ምንም አንጨምርላት ማለቴ ነው? አይደለም። ገንዘብ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ከሁሉ በፊት ገና ሳትገዙ የጃፓኑን የጨረታ ወረቀት በሻንሲ ቁጥሯ አስመርምሩ፤ የተነዳችበትን ኪሎ ሜትርና ተጋጭታ የተጠገነች መሆኗን ይነግራችኋል። ባትሪዋን ደግሞ ሃይብሪድ በሚያውቅ ባለሙያ በኮምፒውተር አስለኩ። አንድ ሁለት ክፍሉ ብቻ ተቀይሮ “ታድሷል” የሚባል ባትሪ ያረጀ ጋቢ ላይ አዲስ ጨርቅ እንደመጣፍ ነው፤ አዲሱ ሲይዝ አሮጌው ከጎኑ ይቀደዳል።

ከገዛችሁ በኋላ የባትሪውን አየር ማጣሪያ አስጠርጉ፣ ይህንንም በየሰርቪሱ ድገሙት፤ ለእኛ አቧራ ይህ ቅንጦት አይደለም። የሞተሩንና የኢንቨርተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ ለየብቻ አሳዩ፣ ማጠራቀሚያቸው የተለያየ ነውና። ከሥሯ ዝቅ ስለምትል የሞተር መከላከያ ላሜራ ይገባታል። ቴፑን መቀየርም ተገቢ ነው፤ የጃፓኑ ሬዲዮ በአብዛኛው ዝቅ ያለውን ሞገድ ብቻ ስለሚይዝ አብዛኞቹን የናይሮቢ ጣቢያዎች አያገኝም፣ ጽሑፉም ለማናችንም አይነበብም። ስትቀይሩት የኋላ ካሜራዋ አብሮ እንዳይጠፋ ብቻ አረጋግጡ። መኪናዋ ያለችበትን የሚጠቁም መሣሪያ፣ ጥሩ የወለል ምንጣፍ፣ ወንፊቷን ክፍት የሚተው ቀለል ያለ የወንበር ልብስ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋቸውን ይመልሳሉ።

“መኪና እኮ ክብር ነው፤ ነጋዴ በመኪናው ይታያል” የሚለኝ ሰው አለ። እውነት አለው። ንጽሕት መኪና ይዞ የመጣ ነጋዴ ዱቤ ሲጠይቅ ፊት አይነሳም። ግን ንጽሕናና ጌጥ አንድ አይደሉም። ማታቱዎቹን ተመልከቱ። የናይሮቢ ማታቱ በሥዕል፣ በመብራትና በሙዚቃ የሚያጌጠው ወጣቱ ተሳፋሪ ያጌጠውን ስለሚመርጥ ነው፤ ጌጡ ገቢ ያመጣል፣ ለባለቤቱ ማስታወቂያ ነው። የእኔና የእናንተ ቸርኬ የትኛውን ተሳፋሪ ይጠራል? ጌጥ የሚሠሩትን ልጆች አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ እጃቸው የተባረከ ነው። ወንበር ሲሰፉ ወንፊቷን እንዲተዉ፣ ላሜራ ሲገጥሙ አጥብቀው እንዲገጥሙ ብናዝዛቸው ሥራም አያጡም።

ስለ መሸጡም እናስብ። የኬንያ ገዢ የሚፈልገው ፋብሪካው እንደሠራት ያለች መኪና ነው። ሽቦዋ የተነካካ ሃይብሪድ ሲያይ ይጠረጥራል፣ ዋጋም ይጥላል። “ባይሆን አገር ቤት አስገብቼ እሸጣታለሁ” የሚለው አሮጌ ሐሳብም አብቅቶለታል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር እንዳይገባ ከልክላለች፤ የኬንያዋ መኪና ደግሞ መሪዋ በቀኝ ነው። እዚህ የገዛችኋት መኪና የምትሸጠው እዚሁ ነው።

ስለዚህ ዕቁብ ለሚደርሳችሁ ሁሉ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለጌጡ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለይታችሁ ለባትሪዋ አስቀምጡላት። በየወሩ ከነዳጅ ከምትቆጥቡት ላይም ግማሹን ጨምሩበት፣ እንደ ትንሽ ዕቁብ። ከላይ በሠራነው ሂሳብ የ9,000ው ግማሽ 4,500 ነው፤ በዓመት 54,000 ሽልንግ ይሆናል። ባትሪዋ የደከመ ቀን ማንም ሳያውቅ ትቀይሩታላችሁ፣ ሱቃችሁም ዕቃ አይጎድልበትም። ባትሪዋ ከጠበቅነው በላይ ከሠራች ደግሞ ገንዘቡ የእናንተው ነው። ያኔ ቸርኬም ብትገዙ ከትርፋችሁ ነውና ማንም አይናገራችሁም።