አንድም በአውታር ላይ

የቴፒን የክረምት ሌሊት የሚያውቅ ሰው፣ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎረቤት ከጎረቤት መነጋገር እንኳ እንደሚያዳግተው ያውቃልና፣ በእንዲህ ያለ ሌሊት ድምፀ ልዝቡን ሃርፕሲኮርድ በሸክላ ማጫወቻ ለመስማት መነሣቴን ቢሰማ ሳይስቅብኝ አይቀርም። ቢሆንም ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ፣ የቤቱ እመቤት ቡናውን ስትቆላ፣ ዮሐን ሴባስትያን ባክ በ1741 እ.ኤ.አ. በኑረምበርግ ያሳተመውንና ዛሬ «ጎልድበርግ ቫሪያሲዮን» የሚባለውን ድርሰት አንድ ሰው ብቻውን ሲደረድረው አደመጥሁ። እንዲህ ያለው ድርሰት ለእኛ ጆሮ ባዕድ ነው ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ባዕድ የሚሆንብን በማኅሌት ጆሮ ስለምናደምጠው ነው፣ በትርጓሜ ቤት ጆሮ ብናደምጠው ግን የቤታችን ነገር ነው እላለሁ።

በማኅሌት አንዱ ዜማ አስቀድሞ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያም ከበሮና ጸናጽል ገብተው ይረገዳል፤ በኋላም በጽፋት ይፈጥናል። አካሄዱ ቢለወጥም ዜማው ራሱ ከአድማጩ አይሰወርም። በባክ ዘንድ ግን መጀመሪያ የተሰማው ጣፋጭ ዜማ ወዲያው ይሰወርና የሚቀረው ከሥሩ በግራ እጅ ሲሄድ የነበረው፣ 32 ምት ቤት ያለው ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ላይኛውን ዜማ እከተላለሁ ያለ ሰው ገና በመጀመሪያው ለውጥ መንገድ ይጠፋዋል። ያ ከታች ያለው ድምፅ ንባቡ ነው፤ በላዩ የሚሠሩት 30 ለውጦችም አንድምታዎቹ ናቸው። የመጻሕፍት መምህር ንባቡን ሳያናውጥ «አንድም» እያለ ምሥጢር በምሥጢር ላይ እንደሚደርብ፣ ባክም መሠረቱን ሳይለቅ አንድ ጊዜ ጭፈራ፣ አንድ ጊዜ ጸሎት፣ አንድ ጊዜ ክርክር ያወጣበታል። በየሦስተኛው ለውጥ አንዱ ድምፅ የተናገረውን ሌላው ከኋላ እየተከተለ እንዲደግመው ያደርጋል፤ ተከታዩም በመጀመሪያ ከመሪው እኩል ሆኖ ይነሣና በየተራው አንዳንድ ደረጃ እየራቀ እስከ ዘጠነኛው ይደርሳል። ሦስቱ ለውጦች የሐዘን መልክ አላቸው፤ ይልቁንም 25ኛው አድማጩን ስኒውን ያስረሳዋል። 30ኛው ደግሞ የባላገር ዘፈኖችን አቀላቅሎ ያመጣል፤ መምህሩ ጉባኤው ሲከብድ ቀልድ ጣል እንደሚያደርጉ ማለት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያጸናው የመሣሪያው ጠባይ ነው። የሃርፕሲኮርድ መጫኛ በተነካ ጊዜ የወፍ ላባ ብዕር የተሰካበት ቀጭን እንጨት ብድግ ብሎ አውታሩን ይቆነጥረዋል፤ ጣት ቢበረታም ቢላላም ድምፁ ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህም ከፒያኖ ይልቅ ለበገናችን ይቀርባል፤ አሥሩ የበገና አውታሮችም በጣት እየተነኩ፣ ከሥራቸው የገባው ቁራጭ ቆዳ እያንዘረዘራቸው፣ በአንድ ዙር ላይ ቃሉን ይሸከማሉ እንጂ በመጮኽ አይከራከሩም። (ሁለቱም የቴፒን እርጥበት እንደማይወዱ እገምታለሁ፤ እንጨቱ ሲያብጥ ቅኝቱ ይፈርሳልና።) መጮኽ የተከለከለ ሰው ደግሞ ልዩነትን ከሐሳብ፣ ከጌጥና ከጊዜ አያያዝ ብቻ ማምጣት አለበት። ግሌን ጉልድ በ1955 በፒያኖ የቀዳው ድርሰቱን በዓለም እንዳስወደደው አልክድም፤ ሆኖም ፒያኖው አንዱን ድምፅ አጉልቶ ሌላውን ሲያለዝብ፣ ተማሪው ሳይደርስበት ምሥጢሩን የሚጮኽበት መምህር ይመስለኛል። ባክ ራሱ ድርሰቱን ባለ ሁለት ረድፍ መጫኛ ለሆነ ሃርፕሲኮርድ መጻፉንም መርሳት አይገባም፤ እጆቹ ሲሻገሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ዋንዳ ላንዶውስካ በ1933 በሃርፕሲኮርድ በመቅዳቷ ውለታዋ ትልቅ ነው።

ድርሰቱ እንቅልፍ ላጣ አንድ መኮንን ተሠራ የሚለውን ወሬ የባክን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ፎርክል በ1802 ጽፎታል፤ ባክ ከሞተ 52 ዓመት በኋላ ነው። ባክ ባሳተመው ድርሰት የፊት ገጽ የመኮንኑ ስም የለምና እኔ ተረት ነው እላለሁ፤ ቡና ይዞ ለሚያደምጠውማ ተረቱ ጨርሶ አይሠራም።

ስለ ቡናው ካነሣን አይቀር፣ የቤቱ እመቤት ለውጦቹን ከአቦል፣ ከቶናና ከበረካ ጋር አመሳስላቸው ነበር። ምሳሌው ደስ ቢልም አልተቀበልሁትም፤ ጀበናው ውኃ በተጨመረበት ቁጥር ይቀጥናል፣ ይህ ድርሰት ግን እየዘለቀ ሲሄድ ይወፍራል። ለባክ ቡና እንግዳ አልነበረም፤ ባልንጀሮቹ በላይፕሲግ በዚመርማን ቡና ቤት ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር፤ እርሱም በ1734 ገደማ ስለ ቡና ወዳድ ልጃገረድ አንድ ሳቂታ ካንታታ ደርሷል። ከዚህ ከደቡብ ምዕራቡ ደን የወጣው ዘር በየመን በኩል ዓለምን ሲዞር ከዚያ ደጃፍ መድረሱን ስነግራት እመቤቲቱ ብዙም አልተደነቀችም፤ «ታዲያ ከየት ሊመጣላቸው ኖሯል?» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ምሳሌዬን ያፈርስብኛል። የኔታ ትርጓሜውን ሲጨርሱ «ቀጽል» ይላሉ፤ ተማሪውም ወደሚቀጥለው ንባብ ያልፋል። ባክ ግን ከ30ኛው በኋላ ቀጽል አይልም፤ የመጀመሪያውን ዜማ፣ አንዲት ነጥብ ሳትቀየር፣ እንደገና እንዲመታ ያዝዛል። በሸክላው ላይ ያለው ሰው ድግግሞሹን ትቶ አንድ ጊዜ ብቻ አለፈበት። ዝናቡም ተመልሶ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሮ ስለ ነበር የመጨረሻውን ድምፅ አጥርቼ አልሰማሁትም፤ በረካውም ገና አልቀረበም ነበር።