የትኛውን ባህል ነው የምትሉት?

አንዲት ሴት በስብሰባ መካከል ተነሥታ «አልስማማም» ስትል፣ በሠላሳ አምስት ዓመቷ «ለማግባት አልቸኩልም» ስትል፣ ወይም ደመወዟ ከባሏ እንደሚበልጥ ሳትደብቅ ስትናገር የሚሰጣት መልስ የታወቀ ነው፤ «ይሄ ባህላችን አይደለም።» ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። የትኛው ባህል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እኔ ልጠይቅ።

ባል ራስ፣ ሚስት ታዛዥ የሚለውን እንውሰድ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት ሕጋዊ ትእዛዙን ሁሉ እንድትፈጽም ያስገድድ ነበር። አንቀጽ 646 ደግሞ ባል የቤት አገልጋይ ሊያቆምላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ እሷው ትሥራ ይላል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ያን ጊዜ በአገራቸውም ሕግ ባል የቤተሰብ ራስ ነበር። ፈረንሳይ ይህን በ1970 እ.ኤ.አ. ሻረችው፤ እኛ ግን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. እስኪወጣ ይዘነው ኖርን። እርግጥ ረቂቁን የራሳችን ሰዎች መክረውበታል፣ ፓርላማውም አጽድቆታል፤ ለሐሳቡም ባዳ አልነበርንም። ቢሆንም የውጭ ምሁር የጻፈውንና ፈረንሳዮች ራሳቸው የተውትን አንቀጽ የአያት የቅድመ አያት አደራ ነው ብሎ ሴት ልጅን ማስፈራራት እውነት አይደለም።

አያቶቻችንማ ሌላም ነገር ነበራቸው። በደጋው የርስት አገር ሴት ልጅ ከእናቷም ከአባቷም ወገን ርስት ትወርስ ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሚስት ስትፋታ የጋራውን ሀብት ተካፍላ ትወጣለች። አግብታም በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ዛሬም እንዲሁ። በጉራጌ ደግሞ የቃቄ ወርድወት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሴቶችን አስከትላ ሸንጎ ፊት ቆመች፤ ወንድ በላይ በላዩ ማግባቱን እንዲተው፣ ሴትም ያልፈለገችውን ባል መፍታት እንድትችል ጠየቀች። ይህስ ባህል አይደለም?

ያለፈው ዘመን ለሴት የተመቸ ነበር አልልም። ጠለፋው፣ የልጅ ጋብቻው ነበር፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያስመልጠው ነበር። የኔ ቅሬታ ከዚያ ሁሉ ውርስ ውስጥ ሴትን የሚያጎብጠው ብቻ እየተመረጠ ባህል መባሉ ነው። እቴጌ ጣይቱ በውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ አልለዘብም ማለታቸውን በየዓድዋ በዓሉ እናወድሳለን፤ እቤታችን ያለችው አልለዘብም ስትል ግን «ምላሷ ረዘመ» ነው።

አንዲት የማውቃት መሐንዲስ አለች። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ትቆጣጠራለች፤ ፌሮው በሥርዓት ካልታሰረ አርማታ አይሞላም ብላ ሥራ ስታስቆም ኮንትራክተሩ እየከፋውም ቢሆን ይታዘዛል። በአንድ የዘመድ መልስ ላይ የባሏ አክስት ከሰው መሃል «ለመሆኑ 12ቱን ብልት አሳምረሽ ታወጫለሽ?» አሏት። ስለ ሕንፃው የጠየቃት አልነበረም። እሷም ሳትሽኮረመም «አልችልበትም እትዬ፤ እኛ ቤት ዶሮ የሚሠራው እሱ ነው፣ እጁ ይጣፍጣል» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ባልየው አቀርቅሮ እንጀራውን ይቆርስ ጀመር። አክስቲቱ ያደጉበትን ነው የጠየቁት፣ አልፈርድባቸውም። እኔን ያንገበገበኝ ባልየው ቀና ብሎ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት ማቃቱ ነው። በየሳምንቱ በገዛ እጁ የሚሠራውን፣ ሚስቱም የምትኮራበትን ሙያ በዘመድ ፊት እንደ ነውር ዋጠው። እውነቱን የመናገር ዕዳ በእሷ ብቻ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በዘመዱ ዘንድ «ደፋር» የምትባለው እሷ ናት።

ሠርግ ላይ ተነሥተው የሚመክሩ ሽማግሌዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ለሙሽራዪቱ «ቻይ፣ የቤትሽን ገመና ሸፍኚ» ብለው ከመቀመጣቸው በፊት ወደ ሙሽራው ዞር ይበሉ። ሚስትህ እንደ ልቧ ስትናገር ከጎኗ ቁም፣ በዘመድ ፊት አትካዳት ይበሉት፤ እሱም እንደ እሷ ተነሥቶ ጉልበት እየሳመ ምክሩን ይቀበል።