የሙቀት ጌጁ ሲዋሽ

አሮጌ መኪና ካለዎት ይቺን ንግግር ሳይሏት አልቀሩም፦ «ተወው፣ ጌጁ ድሮም አይሠራም።» የማውቀው አንድ የዶሮ ማነቂያ ቤተሰብም ስለ ቶዮታ ዲኤክሱ ለዓመታት እንዲሁ ሲል ኖሯል። የሙቀት ጌጁ ቀስት ሁልጊዜ ታች «ሲ» ላይ ተኝታ ትውላለች። ማንም ግድ አልሰጣትም። መኪናዋ መርካቶ ደርሳ፣ እሁድ ጊዮርጊስን ስማ ትመለሳለች፤ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ጉዞው ያልቃል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ቤተሰቡ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን ፒያሳ ቀረ። አሁን ያቺው ዲኤክስ በየማለዳው ሦስት ልጆች ጭና ረጅሙን መንገድ በሰልፍ ታዘግምና በመጨረሻ የቸርችልን ዳገት ትያያዘዋለች። «ይሄ ሞተር ምን ያህል እንደሞቀ በምን አውቃለሁ?» ስትል እናትየው የጠየቀችኝ ያኔ ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ ብዙዎቻችን ካለን መኪና ጋር ገና እንቆያለን። ጥያቄዋ የእርስዎም ነው።

ነገሩን ከወጥ ቤት እንጀምረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራው አልበስል የሚለን፣ ፕሬዠር ኩከር የምንገዛውም ለዚህ ነው። የራዲያተር ክዳንም ሥራው ይኸው ነው። 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ደህና ክዳን ግፊቱን ይዞ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ግን 92 ላይ ተመለስን ማለት ነው። ቴርሞስታቱ ውሃውን ወደ ራዲያተር ማሳለፍ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በ82 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በጤናና በመፍላት መካከል የሚቀረው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ጌጅ የሌለው ሾፌር በዚያች አሥር ዲግሪ ውስጥ በጭፍን ይነዳል።

ቀስቷ «ሲ» ላይ ስትቀር ጌጁን ከመውቀስዎ በፊት ቴርሞስታቱ መኖሩን ያረጋግጡ። «ለበረዶ አገር ነው፣ እዚህ አያስፈልግም» ብለው አውልቀው የሚጥሉ መካኒኮች ሞልተዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የኅዳርን ማለዳ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ሞተሩ እንደበረደ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቀስቷም ቀዝቃዛውን እውነት እየተናገረች ውሸታም ትባላለች። ለማወቅ ጠዋት መኪናዋን አስነስተው ወደ ራዲያተሩ አናት የሚገባውን ወፍራም ጎማ በጥንቃቄ ይንኩ (ነጠላዎን አውልቀው፤ ቬንቲሌተር ነጠላ አያከብርም)። ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ቆይቶ ድንገት ከሞቀ ቴርሞስታቱ ይሠራል። ከመጀመሪያው ቀስ እያለ ከሞቀ ወይ የለም፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል።

ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ወደ ኤሌክትሪኩ ይሂዱ። በእነ ዲኤክስ ዕድሜ ባሉ መኪኖች የጌጁ ሴንሰር ባለ አንድ ገመድ ሲሆን ቴስታታው አካባቢ ተጠምዝዞ ይገኛል። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ ቀስቷ «ሲ» ላይ መሆን አለባት። ቀጥሎ የገመዱን ጫፍ በአንዲት ትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል በኩል ለአፍታ ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙ። ቀስቷ ወደ ላይ ከተነሳች ጌጁም ገመዱም ጤነኛ ናቸው፣ የሚቀየረው ሴንሰሩ ነው። ንቅንቅ ካላለች ግን ጥፋቱ ገመዱ፣ ፊውዙ ወይም ራሱ ጌጁ ጋ ነው። የነዳጅ ጌጁም አብሮ ከተሳሳተ ሁለቱን የሚመግበውን ኤሌክትሪክ ያስፈትሹ። ይህን ሙከራ ሴንሰሩ ብዙ ገመድ ባለው አዲስ መኪና ላይ አይሞክሩት።

አንዲት ትንሽ ተንኮል ልንገርዎ። አዲስ ሴንሰር ተገጥሞም ጌጁ ካልተስተካከለ ጥርሱ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች ነጭ ቴፕ ተጠምጥሞ እንደሆነ ይመልከቱ። ሴንሰሩ ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው በዚያው በጥርሱ ስለሆነ ቴፑ መንገዱን ይዘጋበታል። ሙቀቱን በሌላ መንገድ ማመሳከር ከፈለጉ ጋራዡ በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር እንዲያመጣ ይጠይቁ፤ በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን ሳይሆን ለዕቃ የተሠራውን። የሰውየው 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያበቃለታል።

ከሁሉ የምፈራው ግን ከፍ ብላ ቆይታ ድንገት ወደ «ሲ» የምትወርድ ቀስት ነው። ብዙ ሰው «ቀዘቀዘልኝ» ብሎ ይነዳል። ውሃው አልቆ ሴንሰሩ እንፋሎት ውስጥ ሲቀር አሳንሶ ያነባል፤ ቴስታታው የሚጣመመውና ጋስኬቱ የሚቃጠለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፣ ልጆቹን ከመኪናው ራቅ ያድርጉ፣ ክዳኑን ደግሞ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ማንም እንዳይነካው።

የዚያች ዲኤክስ ነገር እንዴት ሆነ? ኮፈኑ ሲከፈት የሴንሰሩ ገመድ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ተገኘ። ማን እንዳሰረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ገመዱ ቦታው ተመለሰ፣ ቀስቷም ከስንት ዓመት በኋላ ተነስታ መሀል ላይ ቆመች። ሰኞ ጠዋት ግን ከፖስታ ቤት በቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጣ መሀሉን አልፋ ወደ «ኤች» ገሰገሰች። እናትየው ዳር ይዛ ልጆቹን በእግር ሸኘቻቸው። ራዲያተሩ ሲፈታ የዓመታት የቧንቧ ውሃ ዝገት ደፍኖታል። አሁን በአዲስ ራዲያተርና በኩላንት ትሄዳለች፤ ትንሹ ልጅ ደግሞ ከኋላ ወንበር አንገቱን አስግጎ በየዳገቱ «እማዬ፣ ቀስቷ የት ደረሰች?» ይላል።