የኮሌጆች ውድድር ምድብ በምን ይከፈል?



የማኅበራችን የስፖርት ክፍል የዘንድሮውን የኮሌጆች እግር ኳስ ውድድር በሁለት ምድብ ከፍሎ ለማካሄድ ማሰቡን ሁላችንም ሰምተናል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አከፋፈሉ «ግቢ ለግቢ» ይሆናል፤ ይኸውም የአንድ ግቢ ኮሌጆች በአንድ ምድብ፤ የሌላው ግቢ በሌላው ይገባሉ ስለ ተባለ፤ ነገሩ ሳይቆረጥ ጥቂት ቃል ለመናገር ፈለግሁ። ኳስ ጨዋታ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጽፋል የሚል ሰው ቢኖር፤ ከጨዋታ በኋላ በሜዳው ዳር የሚነሣውን ጠብ አንድ ቀን ቆሞ ይመልከት።

ምድብ ማስፈለጉን አልክድም። ስምንት ቡድኖች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ቢገናኙ 28 ጨዋታ ይሆናል። መረብ ያለውና መሥመሩ የተሰመረ ሜዳ ያለን አንድ ነው፤ በየሳምንቱ ሁለት ጨዋታ ቢደረግ 14 ሳምንት ይፈጃል፤ ፈተናው ከዚያ በፊት ይደርሳል። አራት አራት ሆነው በሁለት ምድብ ቢከፈሉ ግን 12 የምድብ፤ 2 የግማሽ ፍጻሜ፤ 1 የፍጻሜ፤ በጠቅላላው 15 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በስምንት ሳምንት ያልቃል። እዚህ ላይ ከማኅበሩ ጋር አንድ ነን። የምንለያየው ማን ከማን ጋር ይመደብ በሚለው ነው።

በቦታ ቅርበት መመደብ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ ያደግሁት አይከል ነው። የአይከል፤ የቆላ ድባ፤ የአዘዞ፤ የአምባ ጊዮርጊስ፤ የዳባትና የደባርቅ ቡድኖች አንድ ውድድር ቢያቋቁሙ፤ ከጎንደር ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ያሉት ለብቻ፤ በደባርቅ መንገድ ያሉት ለብቻ ቢመደቡ ማንም አይቃወምም። ከአይከል ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ያህል። በየሳምንቱ ይህን መንገድ ለመሄድ የመኪናው ኪራይ ብቻውን ቡድኑን ያፈርሰዋል፤ መንገዱም በነዚህ ዓመታት ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ከግቢ ወደ ግቢ ግን በባጃጅ የሚደረስ ነው። ርቀት በሌለበት ስለ ርቀት ብሎ መመደብ ምክንያቱ ምንድን ነው? ጠንካሮቹ ቡድኖች በአንድ ግቢ ቢከማቹ እርስ በርሳቸው ተፋጅተው ሁለቱ ይወድቃሉ፤ በሌላው ምድብ ደካማው እየሳቀ ግማሽ ፍጻሜ ይገባል።

ይህ ነገር በሰው አገር ተሞክሮ ታይቷል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጫወቱት እግር ኳስ ከኛው የተለየ፤ በእጅ የሚያዝና ትከሻ ለትከሻ የሚጋጩበት ቢሆንም፤ የምድቡ ጥያቄ ያው የኛው ነው። ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር (ስሙ «ታላላቆቹ አሥር» ማለት ነው፤ አባሎቹ ግን ከአሥር ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል) እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. አባሎቹን ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ በካርታ ከፈላቸው። ኦሃዮ ስቴት፤ ሚሺጋንና ፔን ስቴት ሦስቱም በምሥራቅ ዋሉ። እስከ 2023 ድረስ የሁለቱ ምድብ አንደኞች ለዋንጫ 10 ጊዜ ተገናኙ፤ 10ሩንም ጊዜ ያሸነፈው የምሥራቁ ነው። በ2024 ምድቡን ጨርሰው አነሡት። እኛ ገና ስንጀምር እነርሱ የጣሉትን እናነሣለን?

እኔ የማቀርበው ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው በሁለቱ ምድብ ይከፈሉ፤ አንደኛውና ሁለተኛው አንድ ላይ አይሁኑ። የቀሩት አራቱ በዕጣ ይደልደሉ፤ ዕጣውም በስፖርት ክፍሉ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን በምግብ አዳራሹ፤ የየቡድኑ አምበል እያየ ይውጣ።

ከምድቡ ቀጥሎ የቀኑና የሰዓቱ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ከአይከል ጎንደር ስንጠራ ጎሕ ሳይቀድ ተጭነን፤ አቧራ ጠጥተን፤ በሦስት ሰዓት ሜዳ እንገባ ነበር። የከተማው ቡድን ቁርሱን በልቶ በእግሩ ይመጣል። ያንኑ ጨዋታ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ማዛወር አንዲት ሳንቲም አያስወጣም ነበር። በዩኒቨርሲቲያችንም እንዲሁ ነው፤ የሕክምና ተማሪ ሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ በማግሥቱ ቀትር ላይ ሊጫወት አይገባውም። ዓርብ ስግደት አለ፤ እሑድ ጧት ቅዳሴ አለ፤ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ተጫዋች አለ። መርሐ ግብሩ ከመጻፉ በፊት ኮሌጆቹ የማይመቻቸውን ቀን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የስድስት ሰዓቱም ፀሐይ ለሁሉም እኩል ይድረስ።

ፍጹም እኩልነት ግን አይገኝም፤ ይህንም ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ሊናገረው ይገባል። አንድ ሳምንት በሜዳህ፤ አንድ ሳምንት በሰው ሜዳ እያልህ ሳታቋርጥ መፈራረቅ የሚቻለው በሁለት መልክ ብቻ ነው፤ በሜዳህ ጀምረህ ወይም በሰው ሜዳ ጀምረህ። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ቡድኖች ሁልጊዜ አብረው በየሜዳቸው፤ አብረውም በሰው ሜዳ ስለሚሆኑ ፈጽሞ ሊገናኙ አይችሉም። እንግዲህ በየትኛውም ሊግ ሳያቋርጡ ሊፈራረቁ የሚችሉት ቢበዛ ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይጎዳሉ። ተጎጂው ማን ይሁን የሚለውን ሰው ሳይሆን ዕጣ ይወስን።

ሜዳ ማጣትም ቢሆን ለሁሉም እኩል ሲሆን ይቻላል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ ክለቦቹ ሁሉ ከከተማ ወደ ከተማ አብረው እየዞሩ በአዲስ አበባ፤ በጅማ፤ በባሕር ዳር፤ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተጫወቱ። የትግራይ ሦስቱ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ባለመኖራቸው የቀሩት 13 ነበሩ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ስለ ሆነ በየዙሩ አንዱ ያርፍ ነበር። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ የወሰደው በዚያ ዓመት ነው፤ ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት። የጎንደር ሕዝብ ደስታውን በቴሌቪዥን ማየቱ ቅር ቢያሰኝም፤ አድልዎ ነበር ብሎ የከሰሰ አላጋጠመኝም።

በመጨረሻ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የምድቡ የመጨረሻ ሁለት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይደረጉ። በ1974 ዓ.ም. በስፔኑ የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ነበር። የምድቡን የመጨረሻ ጨዋታዋን ግን በዋዜማው ጨርሳ ስለ ነበር፤ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በሂኾን ከተማ ሲገናኙ ምን ያህል ውጤት ሁለቱንም እንደሚያሳልፍ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ጀርመን ገና በመጀመሪያው አንድ አገባች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ኳሱን ሲያንከባልሉ ዋሉ፤ አልጄሪያም ወደቀች። ከቀጣዩ የ1978ቱ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የምድብ መጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲሆኑ ተደረገ።

ሁለተኛ ሜዳ የለንም ይባል ይሆናል። ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ያለው ጠጠራም ሜዳ መረብ ባይኖረውም ግንድ አለው፤ ለሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ጠጠሩን የሚለቅሙ ሃያ ልጆች ከመኝታ ክፍላችን አመጣለሁ።